የቤቱ ገንዘብ በማን ቃል ይወጣል? ባልና ሚስት ስለ ግዢ የሚወስኑበት መንገድ

«በእናንተ ቤት ስለ ግዢ የሚወስነው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው መልሱ አፉ ላይ ነው። ወንዱ «እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ሊሆን!» ይላል። ሴቲቱ ባሏ አጠገቧ ካለ «እሱ ነው» ትላለች፤ ከሌለ ግን ፈገግ ብላ ወሬውን ትቀይራለች። «ኧረ ተመካክረን ነው» የሚሉም አሉ። ማናቸውም አልዋሹም። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው፤ አንድ ግዢ አንድ ውሳኔ ብቻ ስላልሆነ በአንድ ቃል አይመለስም።

በትምህርት ፕሮጀክት መጽሔት ላይ የባልና ሚስት ጓዳ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ልጅ ክፍል የሚገባው ደብተር፣ እርሳስ፣ ጫማና የደንብ ልብስ ተገዝቶለት ነው። እነዚህ ደግሞ የሚገዙት ወይ የወጡ ዘይት ተቀንሶ፣ ወይ አንዲት ፍየል ተሸጣ፣ ወይ የአባወራው ቶምባክና ሲጋራ ቀርቶ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ሰው የልጁንም ትምህርት አብሮ እየወሰነ ነው። እንደ ኡም ጋርጉር ባለ ካምፕ ውስጥ ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ግዢ የሌላ ነገር አለመገዛት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጓዳ ብቻ አይደለም።

አንድ ግዢ ስንት ውሳኔ አለው?

እ.ኤ.አ. በ1974 ሃሪ ዴቪስ እና ቤኒ ሪጎ የተባሉ ተመራማሪዎች በቤልጅየም አገር የ73 ቤተሰቦችን ባልና ሚስት ለየብቻ አስቀምጠው ስለ 25 ዓይነት ውሳኔዎች ጠየቋቸው። «ማን ወሰነ?» ብለው ብቻ አላለፉም። መጀመሪያ «ይህ ነገር ያስፈልገናል» ያለው ማን ነው? ቀጥሎ የት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ የቱ እንደሚሻል ያጠያየቀው ማን ነው? በመጨረሻስ «ይገዛ» ብሎ የቆረጠው ማን ነው? ብለው በሦስት ከፍለው ጠየቁ። መልሱ ከደረጃ ደረጃ ተለያየ። ባልና ሚስቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም።

ቤልጅየምን ትተን ወደ እኛው እንምጣ። እንበል፣ የቤቱ የውሃ ዚር ተሰነጠቀ። ውሃው እየቀነሰ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው ሚስት ናት፤ ውሃ የምትቀዳው እሷ ናትና። ጎረቤቷን «ያንቺ ዚር ከየት ነው? ውሃ ያቀዘቅዛል?» ብላ የጠየቀችውም እሷ ናት። ለባሏ ሦስት ቀን ስትነግረው ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ባል ገበያ ወጥቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከፍሎ፣ በካሮ አስጭኖ አመጣው። ማታ ጓደኛው «ዚር ገዛህ እንዴ?» ሲለው «አዎ ገዛሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ገዝቷል። ግን ከሦስቱ ውሳኔዎች ሁለቱ የሚስቱ ነበሩ። ብዙ ባሎች ሚስቶቻቸው የሚሠሩትን የማያዩት በክፋት አይመስለንም፤ ዓይናቸው ያረፈው ብሩ ከእጅ በሚወጣባት ደቂቃ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች የቤት ግዢዎችን በአራት መደቡ። ባል በብዛት የሚወስንበት አለ። ሚስት በብዛት የምትወስንበት አለ። ሁለቱም አብረው የሚወስኑበት አለ። አራተኛው ትንሽ ለየት ይላል፤ አንዳንዴ እሱ አንዳንዴ እሷ፣ እንደ አጋጣሚው፣ ሳይጠያየቁ የሚወስኑበት ነው። በእኛ አካባቢ የአህያ፣ የካሮ ጎማ፣ የሬዲዮና የሞባይል ነገር በአብዛኛው ወደ ባል ያደላል። የቡናው፣ የጀበናው፣ የሽንኩርቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ክፍያ የሚስት ነው። የልጅ ሠርግ፣ ለዘመድ ልቅሶ የሚከፈል የመንገድ ገንዘብ፣ የልጆች ትምህርት ደግሞ ሁለቱ ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ነው፤ ወይም መሆን ነበረበት። አራተኛው ዓይነት ላይ ጠብ ይበዛል። ለታመመ ልጅ መድኃኒት በዱቤ አንዷ ስትወስድ፣ አንዱ ደግሞ ከሌላ ሱቅ ስኳር በዱቤ ሲወስድ፣ በወሩ መጨረሻ ሁለት የዱቤ ደብተር ቤቱን ይጠብቀዋል።

የሚያዝዝና የሚፈጽም

«እኛ ቤት ገንዘቡን የምይዘው እኔ ነኝ» የሚሉ ሴቶች አሉ። እውነት ነው፣ ይይዛሉ። ኮንስታንቲና ሳፊሊዮስ ሮትሽልድ የተባሉ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህን ነገር በደንብ ለይተው አሳይተዋል። በቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥልጣን አለ ይላሉ። አንደኛው ነገሩን ከላይ ሆኖ የሚመራ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚመጡትን፣ የቤቱን አኗኗር የሚወስኑትን ትልልቅ ጉዳዮች ለራሱ ያስቀራል፤ ጊዜ የሚወስዱትንና አሰልቺዎቹን ለሌላው ይሰጣል። ሁለተኛው የተሰጠውን የሚያስፈጽም ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለተኛው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሲወስን ይውላል። ግን የሚወስነው በተሰመረለት መስመር ውስጥ ነው።

ነገሩን በገበያ ቀን እንየው። ባል ጠዋት ለሚስቱ ብር ይሰጣታል። «እንደፈለግሽ አድርጊው» ይላታል። እሷም ሽንኩርቱን ታወዳድራለች፣ ዘይቱን በራጥል ትገዛ ወይስ በትንሽ ትንሹ ትወስናለች፣ ወፍጮ ቤት የሚከፈለውን ታስቀራለች፣ ሳሙናውን ለሳምንት ታስተላልፋለች። ይህ ሁሉ ውሳኔ ነው፤ ከባድ ሂሳብም ነው። የብሩን መጠን ግን የቆረጠው እሱ ነው። ካነሰ «የት አደረግሽው?» የምትባለው እሷ ናት። በዚህ ዓይነት ቤት ገንዘቡን የምትይዘው ሴት የያዘችው ጭንቀቱን ነው። ደግሞ ብሩን ራሱ ቆጥሮ የሚገዛ፣ ሽንኩርት ሳይቀር ራሱ የሚያመጣ ባልም አለ። እሷን ከገበያ ግርግር ያሳረፋት ይመስለዋል፤ አንዳንዷም እውነት ደስ ይላታል። ስለዚህ ከውጭ አይቶ መፍረድ ቀላል አይደለም።

ሥልጣኑ ከየት ይመጣል?

ሮበርት ብለድ እና ዶናልድ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ሚስቶችን ጠይቀው አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። (ባሎቹን አልጠየቁም፤ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ተችቷቸዋል።) ያገኙት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ለቤቱ ገቢ፣ ትምህርት፣ ክብር ብዙ ያመጣ ሰው ብዙ ይወስናል። ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን አያሻም፤ አገር ቤት ያለ ገበሬም ያውቀዋል። በሬው የማን ነው? መሬቱስ በማን ስም ነው?

ማርሴል ፋፍሻምፕ እና አግነስ ኪሱምቢንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢትዮጵያ ገጠር በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርተው የጻፉት ጥናት ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ወደ ትዳር ይዞ መምጣት፣ ባለቤት መሆንና ማዘዝ የተያያዙ ቢሆኑም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላሉ። ንብረቱ የማንም ይሁን የማዘዙ ነገር ወደ ቤቱ ኃላፊ ይሰበሰባል፤ ኃላፊው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። «የእኔ ነው» የምትለው ላም ብትኖርሽም፣ ስትሸጥ የምትጠየቂ ካልሆንሽ ያው ነው።

ስደት ደግሞ ይህን ሂሳብ ከሥሩ ነቀለው። በምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ውስጥ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኤርትራ፣ በኋላም ከኢትዮጵያ የተሰደደ ሕዝብ ኖሯል፤ ብዙው ገበሬና አርብቶ አደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ መሬትና የማይንቀሳቀስ ንብረት በባለቤትነት እንዳይዝ ከለከለ። ስለዚህ አባወራው ቃሉን የሚያስከብርበት መሬት የለም፣ በሬ የለም፣ የከብት በረት የለም። የቀረው የቀን ሥራ ነው፤ በሰሊጥና በዱራ አረምና አጨዳ ወቅት ገዳሪፍ አካባቢ ባሉ እርሻዎች ወጥቶ መሥራት፣ ከዚያ ውጭ ባሉት ወራት ሥራ መጠበቅ። ሴቶቹ በበኩላቸው ሻይ አፍልተው ይሸጣሉ፣ ዘምቢል ይሠፋሉ፣ ፍየል ያረባሉ፣ በአጨዳም ይወጣሉ። በአንዳንድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የሚገባው የሻዩ ገንዘብ ብቻ ነው።

የዲትሮይቱ ሐሳብ እንዳለ ቢሠራ ኖሮ የሻይ ሻጯ ቤት የሚመራው በእሷ ቃል በሆነ ነበር። እንዲህ የሆነበት ቤት አለ። ያልሆነበት ግን ይበዛል። እንደ እኛ ግምት ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ሰው ንብረቱን፣ ሥራውን፣ አገሩን ሲያጣ የቀረውን ነገር አጥብቆ ይይዛል። ለብዙ ወንድ የቀረው ደግሞ «በቤቴ እኔ ነኝ የምወስነው» የሚለው ቃል ነው። ሚስቱም ይህን ስለምታውቅ ያመጣችውን ብር በእጁ ታስጨብጠዋለች፤ ከዚያ መልሳ ትጠይቀዋለች። ጎረቤት ሲያይ ክብሩ ተጠብቋል። ይህን ጥበብ የምትለውም አለች፣ ድካም የምትለውም አለች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የሚጠቅስ ሰው ሲያጋጥመን፣ በወንድ ያለቀው ነገር በማን እንደተጀመረ መጠየቅ እንወዳለን።

የራሽን ካርዱ በማን ስም ይሁን?

በካምፕ ኑሮ ውስጥ ከሁሉ ትልቁ «ገቢ» ብዙ ጊዜ ራሽን ነው፤ የቤቱን ሥልጣን በጣም ያነጋገረውም ካርዱ ነው። በድሮው አሠራር ካርዱ የሚወጣው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር፤ ኃላፊ ማለት ደግሞ ባል ማለት ነበር። ባል ካርዱን አስይዞ ሊበደር፣ ሊሸጠውም ይችላል። ከሚስቱ ሲለያይ ካርዱን ይዞ ሄዶ እሷና ልጆቹ ስማቸው የትም ሳይገኝ ይቀር ነበር።

ይህ አሠራር በአንድ ቀን አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቤጂንጉ የሴቶች ጉባኤ በኋላ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለሴቶች የገባቸውን ግዴታዎች አወጣ፤ ከ2003 እስከ 2007 ባለው ዕቅዱ ደግሞ የራሽን ካርድ በሴቶች ስም እንዲወጣ አጥብቆ ያዘ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 በጊዜው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሩድ ሉበርስ ለስደተኛ ሴቶች አምስት ቃል ኪዳኖች ገቡ። ከአምስቱ አንዱ ወንድም ሴትም እያንዳንዱ በግሉ እንዲመዘገብ ነው። ሌላው ሴቶች በምግብና በቁሳቁስ አስተዳደርና እደላ እንዲሳተፉ ነው። ብዙ ሚስቶች ላሉት ባል እያንዳንዷ ሚስት ለራሷና ለልጆቿ የየራሷ ካርድ እንዲኖራት የሚለውም መመሪያ የመጣው ከዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ታዲያ ካርዱ በእሷ ስም ሆነ ማለት ውሳኔው የእሷ ሆነ ማለት ነው? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዱራው ቤት ሲደርስ ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ ስንቱ ይፈጭ፣ ስንቱ ይሸጥ የሚለው ነው። ምክንያቱም እህል ብቻውን አይበላም፤ የወፍጮ ክፍያ አለ፣ ማገዶ አለ፣ ሽንኩርት አለ፣ ሳሙና አለ። ለእነዚህ ሁሉ ብር የሚገኘው ከዚያው ዱራ የተወሰነውን በመሸጥ ነው። ካርዱ በሚስት ስም በሆነበት ቤት እህሉን ገበያ ወስዶ ዋጋ የሚቆርጠው ባል ከሆነ፣ ብሩ የሚመለሰው በእሱ ኪስ ነው። ተሰልፋ የቆመችው እሷ፣ የተሸከመችው እሷ፣ የሸጠው እሱ። በሌላ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ካርዱ በእሱ ስም ሆኖ ስንት ጣሳ እንደሚሸጥ የምትናገረው እሷ ናት፤ እሱ የሚጠብቀው ትእዛዟን ነው። ያም ሆኖ በስም መያዝ ዋጋ የለውም አንልም። ዋጋው የሚታወቀው በሰላም ቀን ሳይሆን በጠብ ቀን ነው፤ ትዳር ሲፈርስ ስሟ በመዝገብ ላይ ያለ ሴት ልጆቿን ይዛ የምትበላው አላት።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገር ቤት ሕጉ ራሱ ብዙ መንገድ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. የ1960ው (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952) የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማዘዝ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ጻፈ።

ስለ ግዢ ላነሳነው ነገር በተለይ የሚጠቅመው አንቀጽ 68 ነው። ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ለዚያው ያህል ዕዳ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን፣ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ገንዘብ ወይም ንብረት በስጦታ ለመስጠት፣ የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። በጊዜው 500 ብር ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የብሩ አቅም ወርዶ አንቀጹ ጥቃቅኑን ብድር ሁሉ የሚነካ ሆኗል። ለቤተሰቡ ኑሮ ተብሎ የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ዕዳ ተደርጎ ይቆጠራል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ መለጠፉም እንዲሁ ቀላል ነገር አይደለም፤ መሬቱን ለማከራየት የሚመጣ ሰው ሁለት ፊት ያያል።

በእኛ መካከል ከሚኖሩት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለእነሱ የሚሠራው የሸሪዓው ሕግ ሌላ አካሄድ አለው። በዚያ የሚስት መህር የግል ንብረቷ ነው፤ የቤቱን ቀለብ፣ ነፈቃ የሚባለውን፣ የማቅረብ ግዴታ የባል ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት የሠርጓን ወርቅ ሸጣ ቤቱን ብታኖርበት መልካም ማድረጓ ነው እንጂ ግዴታ ኖሮባት አይደለም። ዝርዝሩን ሼኾቻችን ከእኛ በተሻለ ያስረዳሉ። እኛ የምንለው ወርቁ ሲሸጥ መጠየቅ ያለባት እሷ መሆኗን ነው።

ወረቀትና ኑሮ ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ባለትዳር ሴቶች በሦስት ጉዳዮች ማን እንደሚወስን ተጠይቀው ነበር፦ በራሳቸው ጤና፣ በትልልቅ የቤት ግዢዎች፣ ዘመድ በመጠየቅ። ከ100 ሴቶች 71 ያህሉ በሦስቱም ብቻቸውን ወይም ከባላቸው ጋር እንወስናለን ብለዋል። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን «አብረን» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። «ፍየሏን ልሸጣት ነው» ሲላት «እሺ» ማለትም አብሮ መወሰን ተብሎ ይቆጠራል። የቤልጅየሞቹን ሦስት ጥያቄዎች ያነሳነው ለዚህ ነው።

ለውጥ ያመጣል ወይ?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለልጆች ተብሎ የሚሰጠው ድጎማ በአባት ደመወዝ በኩል መምጣቱ ቀርቶ ለእናቶች በእጃቸው እንዲሰጥ ተደረገ። በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከዚያ በኋላ ለሴቶችና ለልጆች ልብስ የሚወጣው ገንዘብ ከወንዶች ልብስ አንጻር ጨመረ። ገንዘቡ ያው የቤተሰቡ ነበር፤ የተለወጠው የገባበት እጅ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ አስቴር ዱፍሎ በ2003 ባሳተመችው ጥናት የጡረታ ገንዘቡን አያት ሴት በምትቀበልበት ቤት የሚያድጉ ትንንሽ ልጃገረዶች ክብደትና ቁመት ተሻሽሎ ተገኝቷል፤ አያት ወንድ ሲቀበል ግን ያ ለውጥ አልታየም።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ ሴት ሁሉ ቆጣቢ፣ ወንድ ሁሉ አባካኝ ነው ማለት ስህተት ነው። በኬንያ ገጠር ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ በእጅ ተሰጥቶ በ2016 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ለባል መስጠትና ለሚስት መስጠት ያመጣው ልዩነት ያን ያህል አልነበረም። ስለ ቤቱ ባሕርይ ብዙ የሚናገረው ምናልባት የፊሊፒንሱ ነው። ናቫ አሽራፍ በ2009 ባሳተመችው ሙከራ ባሎች ገንዘብ ተሰጥቷቸው ምን እንደሚያደርጉበት እንዲመርጡ ተደረገ። ሚስታቸው ገንዘቡን በምትቆጣጠርበት ቤት፣ ሚስት እንደማታውቅ ሲነገራቸው ወደ ግል ሂሳባቸው አስገቡት። ሚስት እንደምታውቅ ግን ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ቶሎ ወደ ፍጆታ አዋሉት። አስቀድመው ተነጋግረው ሲወስኑ ደግሞ ወደ ሚስታቸው ሂሳብ ገባ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለያየው የሚታወቀውና የተነገረው ነገር ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከጅዳ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ሲልክ በስልክ ነው የሚነገረው። ስልኩ የማን ነው? ሚያዝያ 2023 ላይ የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ብዙ ሰው በባንካክ መገበያየት ጀመረ፤ የራሱ አካውንት የሌለው በባለ ሱቅ ወይም በዘመድ አካውንት ያስገባል። መልእክቱ የሚደርሰው በአንድ ስልክ ላይ ነው። ያ ስልክ ያልያዘ ሰው ስንት እንደመጣ የሚያውቀው የተነገረውን ያህል ነው። ድሮ ብር ሲመጣ ቢያንስ ሲቆጠር ይታይ ነበር። እሷም በበኩሏ ከሻዩ የምታስቀረውን በሰንዱቅ ወይም በእቁብ ትጥላለች፤ ተራዋ መቼ እንደሆነ ለባሏ የማትነግር ብዙ ናት። ደብቃ ነው ብሎ መቆጣት ይቻላል። ነገር ግን ያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከቤቱ አይወጣም፤ ልጅ ሲታመም፣ ትምህርት ሲከፈት ብቅ ይላል።

ከሁሉ አደገኛው የማይታወቅ ዕዳ ሸይል ነው። በሱዳን የእርሻ አገሮች የቆየ ነው። ነጋዴው በክረምት፣ ቤት ውስጥ እህል ባለቀበት ሰዓት፣ ያበድራል፤ ተበዳሪው ምርት ሲደርስ አስቀድሞ በተቆረጠ ዝቅተኛ ዋጋ በሰሊጥ ወይም በዱራ ይከፍላል። ትንሽ መሬት ተከራይቶ ወይም ለእኩል የሚያርስ ባል ብቻውን ሄዶ ሸይል ሲወስድ፣ ሚስት የምታውቀው በኅዳር ጆንያው ከአውድማ በቀጥታ ወደ ነጋዴው ሲጫን ነው። ለጫማና ለደብተር ያሰበችው ሰሊጥ በነሐሴ ተሸጧል ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ቢያውቁ ሸይሉን ላይቀሩት ይችላሉ፤ ረሃብ ሲመጣ ምርጫ የለም። ግን ስንት ጆንያ ይወሰድ የሚለውን አብረው ሊቆርጡ፣ አንዱን ጆንያ ከሂሳቡ ሊያስቀሩት ይችሉ ነበር። ዋጋውን በጊኔ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው፤ ጽሑፉ ታትሞ እስኪደርሳችሁ ይለወጣል።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ይቀዳ ይሆናል፤ ቅጂውን የያዘው ግን ማን እንደሆነ ማየት ለፈለጋችሁ አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ቤልጅየሞቹ ካደረጉት የተወሰደ ነው። ባልና ሚስት ለየብቻ ተቀምጣችሁ፣ ሳትተያዩ፣ የሚከተሉትን ጻፉ፦ ስኳርና ቡና፣ የወፍጮ ክፍያ፣ ከራሽኑ የሚሸጠው ዱራ፣ የልጆች ደብተርና ጫማ፣ የሴት ልጅ የደንብ ልብስ፣ ፍየል መሸጥ፣ ወርቅ መሸጥ፣ የስልክ ካርድ፣ ለዘመድ መስጠት፣ ሸይል ወይም ዱቤ መውሰድ። በእያንዳንዱ አጠገብ መጀመሪያ ያነሳው ማን ነው፣ ያጠያየቀው ማን ነው፣ የቆረጠው ማን ነው ብላችሁ «እኔ»፣ «እሱ» ወይም «እሷ»፣ «ሁለታችን» በሉ። መጻፍ የማይችል ጠጠርና የዱራ ፍሬ ይጠቀም፤ ጠጠሩ ባል፣ ዱራው ሚስት፣ አብረው ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ያልገጠመውን ብቻ ተነጋገሩበት። ሠላሳ መልስ አለ፤ ሁሉም ቢገጥምላችሁ እኛም ይገርመናል። ልጆች ሲተኙ ማድረጉ ይሻላል።